ምሰሶ አይለቀቅም

ስለ ምራቴ ሰው ሁሉ የራሱ ፍርድ ነበረው። የግል ክሊኒክ ያለው የአክስቷ ባል «ዕድሏን በእግሯ የረገጠች» ይላት ነበር። ልጄ፣ ማለትም ባሏ፣ «ግትር» ይላታል፤ ሲላት ፈገግ ይላል፣ ቢሆንም ይላታል። በምትሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል፣ በሕፃናት ክፍል፣ የምትጠራው «ምሰሶ» ተብላ ነበር። እኔ የሦስቱንም ፍርድ አልቀበልም። ሰው በወሬ አይመዘንምና፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

እንዲህ የምልበት ምክንያት አለኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በእህል መጋዘን፣ በሚዛን ሠራተኛነት ነው። ከሚዛን አጠገብ የኖረ ሰው ማንንም በፊቱ አያምንም። አንዱ ጆንያውን ውኃ አርከፍክፎበት ያመጣል፤ ሌላው እያሳቀህ በጫማው ጫፍ የሚዛኑን መድረክ ይጫናል፤ ሦስተኛው ልጁ እንደታመመበት እያለቀሰ ይነግርህና ከእህሉ መካከል ድንጋይ ታገኛለህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ተረት ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነበር። ስለዚህ ምራቴ ወደ ግቢያችን ገብታ ከልጄ ጋር በኋለኛው ክፍል መኖር ስትጀምር፣ እንደ ማንኛውም ጭነት ተመለከትኋት፤ ከላይ የሚታየውን ለብቻው፣ ከሥር ያለውንም ለብቻው።

ከሥር ያገኘሁት ይህ ነው። እናቷ በዚያው ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። አንሶላና የቀዶ ሕክምና ልብስ ስታጥብ ኖራ እጇ በበረኪና ተሰነጣጥቆ ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእንፋሎቱ መካከል፣ በተከመረ ፎጣ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እናትየው ጡረታ በወጣች ዕለት የተሸለመችው አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ ያውም ራሷ ስታጥበው የኖረችውን ዓይነት። ምራቴ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም።

«አባባ፣ እናቴ እዚያ ግቢ ውስጥ ድሃ ሆና ኖራ ድሃ ሆና ወጣች» አለችኝ። «እኔ ግን እዚያው ግቢ፣ በዚያው በመንግሥት ቤት፣ ጥሩ ደመወዝ በልቼ ነው የማሳያቸው።»

«ማንን ነው የምታሳዪው?»

«ብርድ ልብሱን የሰጧትን።»

ይህን የተናገረችበት ድምፅ የቀልድ አልነበረም። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እርሷ ነርስ ናት፤ የሁለቱ ደመወዝ አንድ ላይ ተጣብቆም ወሩን አያሻግራቸውም ነበር። ሌላዋ ብትሆን ሥራ ቀይራ ወይም አገር ቀይራ ትገላገል ነበር። እርሷ ግን ሆስፒታሉን ሊገዛው እንደመጣ ሰው ዞራ አጠናችው። ራጅ የሚያነሣው ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠግነው ስንት ዓመት እንደተማረ፣ ኩላሊት የሚያጥቡት ነርሶች የሚከፈላቸው አበል ከየት እንደሚመጣ ሁሉንም ጠይቃ ደረሰችበት። በመጨረሻም ሰመመን ሰጪነትን መረጠች። ምክንያቷን ስጠይቃት፣ ቀዶ ሐኪም ተገኝቶ፣ አልጋ ተገኝቶ፣ የሚያስተኛ ባለሙያ ባለመኖሩ ብቻ ቀዶ ሕክምናቸው እየተላለፈ ወደ ክፍሏ የሚመለሱ ሕፃናት እንዳሉ ነገረችኝ። «ደህና ደመወዝ ያለው ሰው በጠፋበት ቦታ ነው፣ አባባ። ሰው የሞላበት ቦታ ምስጋና ነው ያለው» አለች። ነገሩ የእህል ዋጋ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕግ ስለሆነ፣ ያለ ችግር ገባኝ።

አንድ እሑድ የአክስቷ ባል መጣ። ገና ሻዩ ሳይቀርብለት ነገሩን ጀመረ።

«እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ እስከ መቼ ነው የመንግሥት በሬ ሆነሽ የምትጠመጂው? ነገ ጠዋት እኔ ጋ ብትገቢ አሁን የምታገኚውን እጥፍ አደርግልሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እጥፍ የሚከፍል ሥራ ግን እዛው እኛ ግቢ አለ።»

«የት? ጣሪያው ላይ?»

«ቀዶ ሕክምና ክፍል። ሰመመን ሰጪ ልሆን ነው። ሆስፒታሉ በየዓመቱ ከየክፍሉ ሰው እየላከ ያስተምራል። የአደጋ አበል አለው፣ የተረኝነት አበል አለው፣ የቤት አበል አለው...»

«አበል፣ አበል፣ አበል! የሚከፈለው በወሬ ነው በጥሬው?»

«በጥሬው ነው ጋሼ። ደግሞ እርስዎ ጋ ብመጣ ከፍሎ የሚገባውን ብቻ ነው የማክመው። እኛ ጋ የሌለውም ይገባል፤ እኔም ደህና እከፈላለሁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ያለው ማነው?»

ባለ ክሊኒኩ ወደ እኔ ዞረ። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ይምከሯት!»

እኔ ግን ሁለቱንም አላመንኋቸውም። እጥፍ እከፍላለሁ የሚል ሰው ግማሹን በምን በኩል መልሶ እንደሚወስደው ሳላውቅ ምክር አልሰጥም። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት ጥሩ ይከፍላል መባሉ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ስለሆነም ማንንም ሳላማክር፣ ራሴ ሄጄ ለማጣራት ወሰንሁ።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ምን እንዳመመኝ ሲጠይቀኝ «ጉልበቴን» አልሁት። ውሸት አልነበረም፤ ጉልበቴ ሁልጊዜ ያመኛል። ከቀዶ ሕክምናው ሕንፃ በስተጀርባ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ፣ አረንጓዴ ልብስ የለበሰና ቆቡን ወደ ኋላ የገፋ ጐልማሳ ዳቦ ይበላ ነበር። ሰመመን ሰጪ መሆኑን ጠይቄ ካረጋገጥሁ በኋላ ከአጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አባት፣ ማን ታሞብዎት ነው?» አለኝ።

«ማንም አልታመመም። ደመወዝህን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ዳቦው ትን አለው። «የግብር ሰው ነዎት እንዴ?»

«የሚዛን ሰው ነኝ።»

የማን አማት እንደሆንሁ ስነግረው ግን ፊቱ በራ። «የምሰሶ አማት!» ብሎ እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጠኝ። እርሱም ቀድሞ በእርሷ ክፍል ነርስ እንደነበረና፣ ሥራ በታዘዘ ቁጥር «ነገ» እያለ ስላስቸገረ ስሙ «ነገ» ሆኖ እንደቀረ ሳያፍር አጫወተኝ። እኔ በመጀመሪያ ጫማውን አየሁ፤ ቆዳው እውነተኛ ነው። ቀጥሎም ደመወዙ ባንክ ሲገባ የተላከለትን መልእክት በስልኩ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። እየሳቀ ሰጠኝ። ስልኩን ዓይኔ ድረስ አስጠግቼ፣ ላኪውንም ቀኑንም ሳይቀር አነበብሁ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፍም፤ የሰው ገበና ነው። ነገር ግን ምራቴ አልዋሸችም።

«አንተ ታዲያ እንዴት ገባህ?»

«ሰንፌ!»

«ሽማግሌ ላይ ትቀልዳለህ?»

«እውነቴን ነው አባት። ለትምህርቱ ለመመዝገብ የክፍልዎ ኃላፊ መልቀቂያ መፈረም አለባት። ኃላፊ ደግሞ ማንን ትለቃለች? መገላገል የምትፈልገውን ነዋ! እኔን ስትለቅ እስክሪብቶውን ለመሳም ምንም አልቀራት። እዚህ ግቢ ደህና ከምንከፈለው ውስጥ ስንቱ ከክፍሉ ተገፍቶ የወጣ መሰለዎት? ምራትዎ ግን...» ራሱን ነቀነቀ። «ምሰሶ አይለቀቅም፣ አባት። ቤቱ ይወድቃላ!»

ሰነፍ ሰው ሰመመን ሲሰጥ ማሰቡ አስፈራኝና ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርሁት። አልተቈጣም። «እዛ ነበር ሰነፍ የነበርኩት። የሕፃን ለቅሶ አልችልም፤ ለቅሶ ስሰማ ነገ እላለሁ። እዚህ ግን የሚያለቅስ የለም፤ እኔው ነኝ የማስተኛቸው» አለኝ። ዳቦውንም አካፈለኝ። አልበላሁም፤ የማላውቀው ሰው ዳቦ አልበላም።

ነገሩም እርሱ እንዳለው ሆነ። ምራቴ መልቀቂያ ስትጠይቅ ኃላፊዋ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ አመሰገነቻት፤ አቀፈቻት፤ ከለከለቻት። እራት ላይ የሴትዮዋን ድምፅ እያስመሰለች ነገረችን።

«'አንቺን ለቅቄ ማንን ይዤ ልቅር? ቀኝ እጄ እኮ ነሽ! አንቺ ከሌለሽ የየትኛው ሕፃን ደም ሥር ይገኛል?' አለችኝ። ቀኝ እጅ መባሉ ደስ ይላል። ግን ለቀኝ እጁ ደመወዝ የጨመረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ልጄ ማንኪያውን አስቀመጠ። «በቃ እንግዲያው፣ ስነፊ።»

«ምን?»

«አንድ ወር ብቻ። አርፍደሽ ግቢ፣ ሲጠሩሽ አትስሚ፣ ዕቃ ጣይ ሰበር አድርጊ። ራሷ ለምና ትፈርምልሻለች።»

«እኔ ሳረፍድ ማነው የሚጠብቀው? ኃላፊዋ ናት? ሕፃኑ ነው። ሰው ላይ ሰንፌ ያገኘሁት ደመወዝ በጉሮሮዬ አይወርድም።» ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። «ደግሞስ ለምን ብዬ? ሰነፍ እየተሸለመ፣ ጎበዝ እየታሰረ የሚኖርበትን ቤት እኔም ሰንፌ ላጽድቅላቸው?»

«እሺ፣ ምን ልታደርጊ ነው ታዲያ?»

«እጄን ላከፋፍል ነው።»

ይህ አባባል ለአንባቢ እንዲገባ ስለ ክፍሉ ልማድ መግለጽ ይኖርብኛል። በሕፃናት ክፍል ከሙያ ሁሉ የሚከበረው፣ በተቅማጥና በትውከት ፈሳሹ ያለቀበትን ሕፃን እንደ ክር የቀጠነ ደም ሥር አግኝቶ ግሉኮስ መስቀል ነው። ምራቴ በዚህ የታወቀች ናት። የሕፃኑን እጅ በመዳፏ ታሞቃለች፤ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ታበራለች፤ ከዓይኗ ይልቅ የጣቷን ጫፍ ታምናለች። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሙያ በዚያ ቤት አይነገርም። የሚያውቀው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራል፤ የማያውቀው ከትከሻው በላይ ለማየት ይንጠራራል። እርሷም የተማረችው በመንጠራራት ነበር። ሁሉም እጁን እንደ ጥሪት ቆልፎ ይይዛል።

እኔም ልማዱ ትክክል ነው ብዬ አምን ስለነበር፣ «እጅሽን አትስጪ» ብዬ መከርኋት። «እኛ መጋዘን የተዛባ ሚዛን ማቃናት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ለማንም አላሳየም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማንም ሊነካው አልቻለም።»

«ጡረታ እስኪወጣ እዛው ከሚዛኑ ጋር ቀረ ማለት ነዋ፣ አባባ» አለችኝ። «እኔ እኮ መሄድ ነው የምፈልገው።»

ያን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ብልህ ነው ስል ኖሬ፣ እንደታሰረ ማየት የቻልሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ዘግይታ መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበርና ክንዷን አየሁት። ከክርኗ እስከ አንጓዋ በልዟል፤ ገሚሱ ጠቁሯል፣ ገሚሱ ቢጫ ሆኗል። እያየኋት መሆኑን ስታውቅ እጅጌዋን ቶሎ አወረደች። ከበለዘው ክንድ ይልቅ የወረደው እጅጌ አሳሰበኝ፤ የሚሸፋፍን ሰው የሚሸፋፍነው ነገር አለውና። በኋለኛው ክፍል ከእርሷ ጋር የሚያድረው ደግሞ ልጄ ብቻ ነው።

ልጄን ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«እጅህን! መዳፍህን አይደለም፣ ጀርባውን።»

ልጄ ግራ ተጋብቶ ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ። «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እሱን አንተ ነህ የምትነግረኝ። በእኔ ግቢ ሴት አይመታም። የሚመታ ካለ፣ ልጄም ቢሆን፣ በዚህ በር እንደገባ በዚህ በር ይወጣል።»

«ማን ማንን መታ?»

«ክንዷን አላየሁም መሰለህ?»

መጀመሪያ ገረጣ፤ ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ይበልጥ አበሸቀኝና ከዘራዬን አነሣሁ። ምራቴ ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ወጣች። ነገሩ ሲገባት በማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እሱ ምን አቅም አለው አባባ! ጓደኞቼ ናቸው የወጉኝ!»

«ጓደኛ እንዲህ ነው የሚወጋ?»

«በመርፌ ነው እኮ! ሕፃን ላይ አይለመድማ። ከሥራ ስንወጣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል እንቀመጥና ክንዴን እሰጣቸዋለሁ። ይስታሉ፣ ይስታሉ፣ አንድ ቀን ያገኙታል።»

«ለምን ደበቅሽኝ ታዲያ?»

«እርስዎ ይጠረጥራሉ ብዬ ነዋ!»

ልጄን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። መጠርጠር የአባት ሥራ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ መገኘት ደግሞ የልጅ። ነገር ግን ያ የበለዘ ክንድ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። በአንድ ሰው ቆዳ ላይ ይህን ያህል መጫን ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ ተማሪዎቿ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ቤት እንዲመጡ አዘዝሁ።

ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛዋ ቅርብ ጊዜ የተቀጠረች፣ መርፌ ስትይዝ እጇ የሚንቀጠቀጥና በዚሁ ምክንያት «ፈሪዋ» የተባለች ነርስ ናት። ሁለተኛው ሲሠራ ማንጐራጐር የማይተው፣ «ሬዲዮ» የሚሉት ጐልማሳ ነው። ሦስተኛዋ ለጡረታ ጥቂት የቀራትና ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ሴት ናት። መርፌዎቹ ከነማሸጊያቸው መሆናቸውን አንድ በአንድ ተመለከትሁ፤ እያንዳንዱም በፊቴ እንዲቀደድ አደረግሁ። ከዚያ የሸሚዜን እጅጌ ሰበሰብሁ።

«ኧረ አባባ፣ እርስዎ ይተዉ!» አለች ምራቴ።

«የእኔ ክንድ ምን ጎደለው?»

ይዛ በጣቷ ዳሰሰችው። «ምንም አልጎደለው» አለች ቀስ ብላ። «እንዲያውም የሽማግሌ ሥር ከሕፃን ሥር ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ይሸሻሉ።»

ፈሪዋ ከፊቴ ተንበረከከች። «ካመመዎት ይንገሩኝ እሺ አባባ።»

«ቢያመኝም አልነግርሽም። ውጊ።»

ወጋች። «ሸሸብኝ!»

«እኔም ብሆን እሸሽ ነበር» አለ ሬዲዮ ከኋላዋ።

«አንተ ዝፈን እንጂ አትናገር!»

«ልዝፈን? አባባ ይፈቅዳሉ?»

«አልፈቅድም» አልሁ።

ምራቴ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ በአፏ ብቻ ትመራት ጀመር። «አትቸኩዪ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ጣትሽ ምን አገኘ? እንደ ስፖንጅ ጎድጎድ ብሎ የሚመለስ? እሱ ነው። አሁን ክፈቺ። ግቢ።» ቆዳዬ ብዙ ከተበሳሳ በኋላ ደሜ በመርፌው ቂጥ ብቅ ሲል የጮኸችው ፈሪዋ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። እትዬ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ወደ ምራቴ ዞረች። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ትከሻ ላይ ተንጠላጥዬ ያላየሁትን ዛሬ አየሁ። አንቺ ልጅ፣ ለምን ቀደም ብለሽ አልተወለድሽም?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ በየዕረፍት ቀናቸው መጡ፤ እኔም ግራና ቀኝ ክንዴን እያፈራረቅሁ ሰጠኋቸው።

በክፍሉ ውስጥ ሥር የሚያገኝ እጅ እየበዛ መጣ። የትምህርቱ ምዝገባ ሊዘጋ ሲቃረብ ምራቴ በልበ ሙሉነት እንደገና ኃላፊዋ ዘንድ ገባች። ያገኘችው መልስ ግን ማናችንም ያልጠበቅነው ነበር።

«አሁንማ ጭራሽ አልለቅሽም! መምህርም ሆነሽልኛል!»

«ነግሬሽ ነበር» ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ፊቷን ሳይ መልሼ ዘጋሁት። በዚያው ሳምንት ባለ ክሊኒኩ ወሬው ደርሶት ደወለ። «ልጄ፣ ተይው በቃ። የሚያመሰግንሽ ሞልቷል፤ የሚከፍልሽ እኔ ብቻ ነኝ» አላት። «ጋሼ፣ ገና አልጨረስኩም» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ምዝገባው በሚዘጋበት ዕለት ጠዋት አብሬያት ሄድሁ። ይምጡ አላለችኝም፤ ይቅሩም አላለችኝ። ከኃላፊዋ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ምራቴ፣ እትዬ፣ ሬዲዮና ፈሪዋ ተያይዘው ሲገቡ ቢሮው ጠበባቸውና በሩ አልዘጋ አለ፤ ስለዚህ የተባለውን ሁሉ ሰማሁ።

«ይሄ ምንድነው? ሰልፍ ነው እንዴ?» አለች ኃላፊዋ።

«ሥራዋን የምንሸፍነው እኛ ነን። ይፈርሙላት» አለች እትዬ።

«እናንተ ደግሞ መቼ ነው አዛዥ የሆናችሁብኝ?» ድምፅዋ ግን የክፉ ሰው ሳይሆን የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «የለቀቅኩት ሁሉ ሄዶ ቀረ። ምትክ ስጠይቅ በጀት የለም ይሉኛል። የማይረባኝን ሰድጄ የሚረባኝን ካልያዝኩ በምን ልሥራ? እስቲ አንዳችሁ እንኳ እኔን አስቡኝ!»

«አስቤዎታለሁ» አለች ምራቴ። «አስቤዎት ነው ክንዴን ያስበሳሁት። አንድ ቀኝ እጅ ነበረዎት፤ አሁን ሦስት አለዎት። ባይፈርሙልኝም አልሰንፍም፤ ክሊኒክም አልሄድም። የሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ፤ የዛኛውም ዓመት እመለሳለሁ። በመጣሁ ቁጥር ደግሞ ብዙ ሰው ይዤ ነው የምመጣው።»

«እስከ መቼ?»

«እርስዎ ጡረታ እስኪወጡ። ከዚያ የሚተካዎትን ሰው እጠይቃለሁ።»

ሬዲዮ ሳቁን ሲውጥ ተሰማኝ።

በዚህ መካከል አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ በኮሪደሩ እየሮጠች አለፈች። የሕፃኑ ዓይን ጎድጉዷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ አንገቱ ክንዷ ላይ ተዝለፍልፏል። ወዲያው ከሕክምናው ክፍል «ሥር የሚያገኝ! ቶሎ!» የሚል ጥሪ ተሰማና ሁሉም ከቢሮው ወጡ። ምራቴ ፈጥና ተራመደች፤ የሕክምናው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ግን ቆማ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

«ግቢ እንጂ!» አለች ኃላፊዋ።

«ፈሪዋ ትግባ።»

«በሰው ልጅ ሕይወት ልትወራረጂ ነው?»

«አልወራረድም። አንድ ጊዜ ከሳተች እኔ እዚሁ ነኝ። ግን አትስትም።»

ፈሪዋ ገባች፤ ኃላፊዋም ተከተለቻት። እኔ ከአግዳሚው የሚታየኝ የምራቴ ጀርባና ከኋላዋ የተቆላለፉት ጣቶቿ ብቻ ነበሩ። እጅግ አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ የጣቶቿ አንጓዎች ነጥተው ነበር። ሕፃኑ አንድ ጊዜ፣ በቀጭኑ፣ እንደ ድመት ግልገል አለቀሰ። ከዚያም ፈሪዋ «ገባ» ስትል ሰማሁ። አልጮኸችም። ሰዓት ስንት እንደሆነ የተጠየቀ ሰው እንደሚመልስ ነው የተናገረችው። የምራቴ ጣቶች ተላቀቁ።

ኃላፊዋ ወጥታ፣ ማንንም ሳታይ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ወንበሯ ሲንቋቋ፣ መሳቢያዋ ሲከፈት ሰማሁ።

«ከእሷ በኋላ ማንም እንዳይጠይቀኝ! ሰምታችኋል? ማንም!»

«እሺ» አለች ፈሪዋ ጓንቷን እያወለቀች። «የሚቀጥለው ዓመት ግን ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

«እጅሽ መንቀጥቀጡን ሲተው ምላስሽ ጀመረ!» አለቻት ኃላፊዋ። ፈረመች ግን።

ምራቴ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ተቀብያት ከላይ እስከ ታች አነበብሁት፤ ፊርማውንም ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት።

«ማኅተሙስ የታለ?»

«መዝገብ ቤት ነው የሚመታው፣ አባባ።»

መዝገብ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። በኮሪደሩ የሚያልፍ ተላላኪ፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ እንደገባና ሌላ ቀን ብንመለስ እንደሚሻል ነገረን። ምዝገባው ዛሬ እንደሚዘጋ ብንነግረው ትከሻውን ሰበቀ። ምራቴ እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ጀርባዬን በተቆለፈው በር ላይ አስደግፌ ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ፤ እርሷም ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኔ ተቀመጠች።

«አባት፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አለ ተላላኪው።

«የት ተጽፏል?»

ግድግዳውን ግራና ቀኝ አየ። አላገኘም። ትቶን ሄደ።

ተረኛ ያልነበሩት እትዬና ሬዲዮ መጥተው ከፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ባለ ጉዳይ እየዘለለን አለፈ። አንዱ «ለማን አቤት እያላችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን፤ ሬዲዮ «ለበሩ» ብሎ መለሰለት። ጉልበቴ ያመኝ ጀመር፤ አልተነሣሁም።

ማኅተም ያዡ ከስብሰባው ወጥቶ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ በኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለ። ከሩቅ ሲያየን እርምጃውን አዘገመ፤ ቁልፉንም ያዝ አደረገው። በሩ ላይ ሲደርስ ከላያችን ቆሞ፣ አንድ በአንድ ተመለከተን።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ማኅተም» አለች ምራቴ፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ወረቀቱን ወደ ላይ ዘርግታ ሰጠችው።